የስፖርተኞች የብሽሽት ሕመም፦ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድንበት መንገድና የሚጠይቀው ትዕግሥት

ስፖርተኞችን ከሜዳና ከመም ለረጅም ጊዜ ከሚያርቁ የጤና ችግሮች መካከል የብሽሽት ሕመም አንዱ ነው። ሕመሙ እንደ አጥንት ስብራት በዓይን የሚታይ፣ እንደ ከባድ የጉልበት ጉዳትም ተጎጂውን በቃሬዛ የሚያስወጣ አይደለም። ስፖርተኛው ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ብዙ ጊዜም ይወዳደራል፤ ሆኖም ኳስ ሲመታ፣ በድንገት አቅጣጫ ሲለውጥ ወይም ፍጥነት ሲጨምር የጭኑ ውስጠኛ ክፍል ከታችኛው ሆዱ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ይወጋዋል። በዚህም ምክንያት ችግሩ እንደ ቀላል ይታያል፤ የጥቂት ቀናት ዕረፍት ይሰጣል፤ ሕመሙ ጋብ ሲል ስፖርተኛው ይመለሳል፤ ሕመሙም አብሮት ይመለሳል።

ይህ ምልልስ ለወራት ሲቀጥል በስፖርተኛውና በቤተሰቡ ፊት የሚቀሩት አማራጮች ሁለት ብቻ መስለው ይታያሉ፦ በብዙ ወጪ ቀዶ ሕክምና ማግኘት፣ አለበለዚያም ስፖርቱን መተው። ባለፉት 25 ዓመታት የተከማቸው የሕክምና ማስረጃ ግን ከሁለቱ አስቀድሞ ሊሞከር የሚገባው፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅና ለብዙዎች ውጤት ያስገኘ ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያል። መንገዱ የሚፈልጋቸው ዋና ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የሕመሙን ምንጭ በትክክል መለየት፣ ለሕክምናው በቂ ጊዜ መስጠት፣ እንዲሁም ወደ ውድድር የመመለስ ውሳኔን ከጨዋታ መርሐ ግብር ጫና መጠበቅ።

የችግሩ ስፋት

በክለብ እግር ኳስ ላይ የተካሄዱ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ግምገማ፣ ከጠቅላላ ጉዳቶች መካከል የብሽሽት ጉዳት በወንዶች ከ4 እስከ 19 በመቶ፣ በሴቶች ደግሞ ከ2 እስከ 14 በመቶ ድርሻ እንዳለው አመልክቷል። እነዚህ አኃዞች በአብዛኛው የሚቆጥሩት ተጫዋቹን ከልምምድ ወይም ከጨዋታ ያስቀሩ ጉዳቶችን ብቻ ነው። በኖርዌይ በተካሄደ ሌላ ጥናት ተጫዋቾች ቢሰለፉም ባይሰለፉም ስለ ሕመማቸው በየሳምንቱ ሲጠየቁ፣ በአማካይ 29 በመቶ የሚሆኑ ወንዶችና 14 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች የብሽሽት ችግር እንዳለባቸው አስታውቀዋል።

በሁለቱ የአቆጣጠር ስልቶች መካከል ያለው ልዩነት ለክለቦች ትልቅ ትርጉም አለው። የቀሩትን ብቻ የሚቆጥር ክለብ ሕመሙን ተሸክመው የሚጫወቱትን አያይም። ቋሚ ተሰላፊነቱን ወይም ቀጣዩን ውሉን ላለማጣት የሚሰጋ ወጣት ተጫዋች ሕመሙን የሚደብቅበት ምክንያት በቂ ነው። ቀደም ሲል የብሽሽት ጉዳት የደረሰበት ስፖርተኛ ለዳግም ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑም በጥናቶች በተደጋጋሚ የተረጋገጠ በመሆኑ፣ የተደበቀ ሕመም የነገ ረጅም ጉዳት መነሻ ይሆናል።

አንድ ሕመም፣ የተለያየ ምንጭ

የብሽሽት ሕመም ሕክምና ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ የቆየበት አንዱ ምክንያት የስያሜ መደበላለቅ ነው። ተመሳሳይ ምልክት ያለበትን ስፖርተኛ አንዱ ሐኪም የጡንቻ መሸማቀቅ፣ ሌላው የስፖርተኛ ሄርኒያ፣ ሦስተኛው የአጥንት መቆጣት ይለው ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ከ14 አገሮች የተውጣጡ 24 ባለሙያዎች በኳታር መዲና ዶሃ ተሰባስበው በጋራ አከፋፈል ላይ ተስማምተዋል፤ ስምምነቱም በቀጣዩ ዓመት ታትሞ ወጥቷል።

በስምምነቱ መሠረት የስፖርተኞች የብሽሽት ሕመም በአካላዊ ምርመራ በአራት ይለያል። የመጀመሪያው ጭንና ጭንን ከሚያገናኙት የውስጠኛው ጭን ጡንቻዎች የሚነሣ ሲሆን፣ በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ጭንን ወደ ላይ ከሚያነሣው ጥልቅ ጡንቻ፣ ሦስተኛው ከብሽሽት ቦይ አካባቢ፣ አራተኛው ደግሞ ከዳሌ የፊት አጥንት መጋጠሚያ የሚመነጩ ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ሕመሙ ከዳሌ መገጣጠሚያ ሊመጣ ይችላል፤ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ጋር ጨርሶ የማይገናኙ ሌሎች መንስኤዎችም አሉት።

አከፋፈሉ በዋነኛነት የሚመሠረተው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። ባለሙያው ሕመም ያለበትን ስፍራ በጣቱ ይዳስሳል፤ ከዚያም ያው ጡንቻ ተቃውሞ እየገጠመው እንዲሠራ ያደርጋል። ስፖርተኛው በሁለቱም ጊዜ የለመደው ሕመም ከተሰማው ምንጩ ይታወቃል። ይህም የሠለጠነ እጅ እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኤም.አር.አይ. የራሱ ጥቅም ቢኖረውም ምንም ሕመም በሌላቸው ተጫዋቾች ላይ ጭምር የአጥንትና የጅማት ለውጦችን ስለሚያሳይ፣ ምስሉ ከአካላዊ ምርመራው ተነጥሎ ለውሳኔ መነሻ ሊሆን አይገባም።

በሯጮች ላይ አጥንት ቅድሚያ ይሰጠው

የእግር ኳስ ተጫዋቾችን መሠረት አድርጎ የተገኘ ዕውቀት ለረጅም ርቀት ሯጮች እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በአርሲ ከፍታዎችም ሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ በየሳምንቱ ብዙ ኪሎ ሜትሮችን በሚሸፍኑ አትሌቶች ላይ የብሽሽት ሕመም በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ በዳሌ የፊት አጥንት ወይም በጭን አጥንት አንገት ላይ ሊወጣ ይችላል፤ የኋለኛው በተለይ አደገኛ ነው። ሳይታወቅ ሩጫ ከቀጠለ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ሊሰበርና ለመገጣጠሚያው የሚደርሰው ደም ሊቋረጥ፣ የአትሌቱ የውድድር ሕይወትም በዚያው ሊያበቃ ይችላል።

በሩጫ ጊዜ ከኪሎ ሜትር ወደ ኪሎ ሜትር እየባሰ የሚሄድ፣ በአንድ እግር ሲዘለል በጥልቀት የሚሰማ፣ በሌሊት ወይም በዕረፍት ጊዜ የማይተው ሕመም ይህን ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራጅ ምርመራ ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል “ራጁ ንጹሕ ነው” መባሉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በዚህ ጊዜ ኤም.አር.አይ. ተገቢ ነው። እስኪረጋገጥ ድረስም አትሌቱ ሩጫ ማቆም አለበት። በጭን አጥንት አንገት የታችኛው ጎን ያለ ስንጥቅ ክብደት ባለመሸከምና በክራንች በመታገዝ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል፤ በላይኛው ጎን የሚወጣው ግን አስቸኳይ የቀዶ ሕክምና ውሳኔ የሚጠይቅ ነው።

ከዚህ ጋር የአመጋገብ ጉዳይ አብሮ ይነሣል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣውና በ2023 ባሻሻለው የጋራ አቋም፣ ስፖርተኛው ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ ሲወስድ የአጥንት ጥንካሬውን ጨምሮ የሰውነቱ ሥርዓት እንደሚዛባ አስገንዝቧል። የወር አበባዋ የተቋረጠ ሯጭ ወይም ክብደቱ እየቀነሰ የመጣ ወጣት አትሌት የብሽሽት ሕመም ሲያሰማ፣ ጡንቻውን ከማሸት በፊት አጥንቱንና ገበታውን መመርመር ይገባል።

ሌሎች የማይዘነጉ መንስኤዎችም አሉ። ሲቆሙ ወይም ሲያስሉ የሚወጣ እብጠት የቡአ፣ ድንገተኛ የቆለጥ ሕመም የቆለጥ መጠምዘዝ፣ ከወገብ ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ሕመም የኩላሊት ጠጠር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሳንባ ነቀርሳ ባለባቸው አገሮች ደግሞ የአከርካሪ ነቀርሳ መግል በጥልቁ ጡንቻ በኩል ወርዶ በብሽሽት ሊታይ እንደሚችል መታወስ አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት የክብደት መቀነስ ያለበት ስፖርተኛ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሊላክ ይገባል። በታዳጊዎች ላይ የሚታይ የብሽሽት ሕመምና ማንከስም ያልተጠናቀቀው የአጥንት ዕድገት ሊጎዳ ስለሚችል ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ዕረፍት ብቻውን ለምን አይበቃም?

አጥንትና ሌሎች አደገኛ መንስኤዎች ከተለዩ በኋላ፣ ከውስጠኛው የጭን ጡንቻ ለሚነሣው የቆየ ሕመም ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ከዴንማርክ ነው። በሐኪሙ ፐር ሆልሚክ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት፣ ለወራት ሲታመሙ የቆዩ 68 ስፖርተኞችን በዕጣ በሁለት ቡድን ከፈለ። የመጀመሪያው ቡድን ማሸት፣ ማሳሳብ፣ የጨረርና የኤሌክትሪክ ሕክምና ተደረገለት። ሁለተኛው ቡድን ደግሞ ከ8 እስከ 12 ሳምንታት የሚዘልቅና የጭን፣ የሆድና የዳሌ ጡንቻዎችን ደረጃ በደረጃ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠራ።

ጥናቱን ከፈጸሙት መካከል በእንቅስቃሴው ቡድን ከ29 ስፖርተኞች 23ቱ ያለ ሕመም ወደ ቀድሞው የስፖርት ደረጃቸው ሲመለሱ፣ በሌላኛው ቡድን ይህን ያገኙት ከ30ው 4ቱ ብቻ ነበሩ። ከ8 እስከ 12 ዓመታት በኋላ በተደረገ ክትትልም የእንቅስቃሴው ጥቅም እንደቀጠለ ታይቷል።

ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። በዕረፍት ወቅት የተቆጣው ስፍራ ይረጋጋል፤ ጡንቻውና ጅማቱ ግን ይበልጥ ይደክማሉ። ስፖርተኛው ሲመለስ የሚጠብቀው የጨዋታ ጫና ያው ሆኖ ሳለ ጫናውን የሚሸከመው አካል ከቀድሞው ያነሰ አቅም ይኖረዋል። እንቅስቃሴው የሚያደርገው ይህን አቅም መልሶ መገንባት ነው።

ይህ ማለት በየክለቡ የሚያገለግሉት ወጌሻዎች የእጅ ሙያ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ሙቀትንና በእጅ የሚደረግ የጡንቻ ማሳሳብን ያካተተ ሕክምና የወሰዱ ስፖርተኞች በአማካይ በ12.8 ሳምንታት፣ እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ደግሞ በ17.3 ሳምንታት ወደ ስፖርት መመለሳቸውን አሳይቷል። ሆኖም በሁለቱም ቡድን የተሟላ ውጤት ያገኙት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ስለሆነም የእጅ ሕክምና ከማጠናከሪያው ጎን ሊሰለፍ ይችላል፤ ቦታውን ግን ሊተካ አይገባም።

የሕክምናው ሂደት

የዴንማርኩ ሕክምና አፈጻጸም ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስፖርተኛው በጀርባው ተኝቶ ኳስ በእግሮቹ፣ ቀጥሎም በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ለ30 ሴኮንድ ይጨምቃል፤ ይህንንም 10 ጊዜ ይደጋግማል። የሆድ ጡንቻና የሚዛን ልምምዶችም ይታከላሉ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን ተኝቶ እግርን ማንሣት፣ ቆሞ በክብደት ተቃውሞ እግርን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መሳብ፣ የታችኛውን ጀርባ ማጠንከርና በአንድ እግር መቆም ይቀጥላሉ። ሥራው በሳምንት 3 ቀን ይከናወናል። በዚህ ወቅት ስፖርቱ ይቋረጣል፤ ሕመም የማያስከትል የብስክሌት እንቅስቃሴ ይፈቀዳል፤ ከ6 ሳምንታት በኋላ ደግሞ በደልዳላ መሬት ላይ ቀስ ያለ ሶምሶማ ይጀመራል።

የሕክምናው ዋና መለኪያ ሕመም ነው። ስፖርተኛው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ደረጃ እንዲገልጽ ይጠየቃል። በዴንማርክ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ቀላል መፈተኛም አለ፦ ስፖርተኛው እግሮቹን ዘርግቶ የመርማሪውን ክንድ በቁርጭምጭሚቶቹ መካከል ለ5 ሴኮንድ በሙሉ ኃይሉ ይጨምቃል። የሚሰማው ሕመም ከ0 እስከ 2 ከሆነ አረንጓዴ፣ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ቢጫ፣ ከ6 እስከ 10 ከሆነ ቀይ ይባላል። አረንጓዴ ማለት ሥራው ሊቀጥል፣ ቢጫ ማለት በጥንቃቄ ሊታይ፣ ቀይ ማለት ጫናው ሊቀነስና ባለሙያ ሊያየው ይገባል ማለት ነው። ይህ መፈተኛ ምንም ወጪ የለውም፤ ተጫዋቾች ከልምምድ በፊት ሊፈተኑበት ይችላሉ። የአጥንት ስንጥቅ በሚጠረጠርበት ጊዜ ግን በዚህ መለኪያ ተመሥርቶ ልምምድ መቀጠል አይፈቀድም።

መመለሱም በደረጃ መሆን አለበት፦ በቅድሚያ ቀጥታ ሩጫ፣ ቀጥሎ የፍጥነት ሩጫ፣ ከዚያ አቅጣጫ መለወጥና ኳስ መምታት፣ በመጨረሻም ከቡድን ጋር ሙሉ ልምምድ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የተቆጠሩት ቀናት ብዛት ብቻ ሳይሆን የቀደመው ደረጃ ያለ ሕመም መፈጸሙ ነው።

መርፌና የሕመም ማስታገሻ

ከውድድር በፊት ሕመምን በመርፌ ወይም በክኒን ማደንዘዝ ፈጣን መፍትሔ መስሎ ቢታይም፣ የጡንቻውን አቅም አይመልስም፤ ስፖርተኛውን ከጉዳት የሚጠብቀውን ምልክትም ይሸፍናል። ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ሰውነት ፈሳሽ ባጣበት የረጅም ርቀት ሩጫ ላይ ሲወሰዱ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግም ሊዘነጋ አይገባም። ዓለም አቀፉ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የግሉኮኮርቲኮይድ መድኃኒቶችን በማናቸውም ዓይነት መርፌ መውሰድን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ወቅት ከልክሏል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ እንደ ዓይነቱና እንደ አወሳሰዱ ስለሚለያይ፣ ከውድድር ቀናት በፊት የተወሰደ መርፌም ለቅጣት ሊያበቃ ይችላል። ለብሽሽት ሕመም መርፌ የሚታዘዝለት ስፖርተኛ የመድኃኒቱን ስም የመጠየቅ፣ ሐኪሙም ታካሚው ተወዳዳሪ መሆኑን የማወቅ ኃላፊነት አለባቸው።

ለቀዶ ሕክምና የሚቀረው ቦታ

ቀዶ ሕክምና አላስፈላጊ ነው የሚል ድምዳሜ ከማስረጃው ጋር አይሄድም። በፊንላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ የስፖርተኛ ሄርኒያ የሚባለው የቆየ ሕመም ካለባቸው 60 ታካሚዎች መካከል በቀዳዳ የሚከናወን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 30ዎቹ 27ቱ በ3 ወራት ወደ ስፖርት ሲመለሱ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት 30ዎቹ በዚያው ጊዜ የተመለሱት 8 እንደነበሩ አሳይቷል።

ይህ ውጤት ከዴንማርኩ ጋር የሚጋጭ ቢመስልም፣ ሁለቱ ጥናቶች የመረመሩት አንድ ዓይነት ሕመም አይደለም። አንደኛው ከውስጠኛው የጭን ጡንቻ፣ ሁለተኛው ከብሽሽት ቦይ አካባቢ የሚነሣ ነው። ልየታው ካልተደረገ እንቅስቃሴ የሚፈውሰው ስፖርተኛ ለቀዶ ሕክምና ሊዳረግ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ደግሞ በከንቱ ወራት ሊያባክን ይችላል። በአግባቡ የተመራና በትክክል የተፈጸመ የእንቅስቃሴ ሕክምና ከተጠናቀቀ በኋላ ሕመሙ ካልተወገደ የቀዶ ሕክምና ባለሙያን ማማከር ተገቢው ቀጣይ እርምጃ ነው።

መከላከል ከሁሉም ይቀላል

በኖርዌይ በ35 ከፊል ፕሮፌሽናል የወንዶች ቡድኖች የሚገኙ 652 ተጫዋቾችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ በቋሚነት በመሥራት የብሽሽት ችግር ስጋትን በ41 በመቶ መቀነስ እንደሚቻል አሳይቷል። የኮፐንሃገን እንቅስቃሴ በመባል የሚታወቀው ይህ ልምምድ ተጫዋቹ በጎኑ ተጋድሞ የላይኛውን እግሩን ጓደኛው ይዞለት ሰውነቱን በውስጠኛው የጭን ጡንቻ ኃይል የሚያነሣበት ነው። በዝግጅት ወቅት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በውድድር ወቅት በሳምንት 1 ጊዜ ይሠራል፤ ሕመም ለሚሰማቸውም ቀለል ያሉ ደረጃዎች አሉት።

ለኢትዮጵያ ክለቦች ይህ የተለየ ጠቀሜታ አለው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲካሄዱ በመቆየታቸው፣ ቡድኖች ከመደበኛ የሕክምና ስፍራቸው ርቀው በሆቴል የሚሰነብቱበትና ጨዋታዎች የሚቀራረቡበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ኳስና አንድ ጓደኛ ብቻ የሚጠይቅ ልምምድ በማንኛውም ሜዳ ሊተገበር ይችላል።

ውሳኔው የማን ነው?

ከላይ የተዘረዘሩት ማስረጃዎች ሁሉ የሚያመለክቱት የ8 ወይም የ12 ሳምንታት ሕክምና በ3ኛው ሳምንት ሲቋረጥ እንዳልተጀመረ የሚቆጠር መሆኑን ነው። የሚቋረጠውም ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ጋብ ስላለና ወሳኝ ጨዋታ ወይም የውጭ አገር ውድድር ስለደረሰ ነው። በዚህ ወቅት ስፖርተኛው ገቢውን፣ አሠልጣኙ ውጤቱን፣ ክለቡና ማኔጀሩ ውላቸውን ያስባሉ፤ የጤናውን ጉዳይ በዋነኛነት የሚያስብ አንድ ሰው ካልተሰየመ ውሳኔው በጫና ይሰጣል።

በመሆኑም ክለቦችና የማሠልጠኛ ማዕከላት ወደ ውድድር የመመለስ ፈቃድ በሕክምና ባለሙያ እጅ እንዲሆን በጽሑፍ ሊወስኑ ይገባል። የተጫዋቾችን ሕመም የቀሩትን ብቻ ሳይሆን የሚሰለፉትንም ጨምረው በየሳምንቱ ሊመዘግቡ፣ ወጌሻዎቻቸውን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጋር ሊያቀናጁ፣ በሕክምና ላይ ያለ ስፖርተኛም ቦታውንና ደመወዙን እንደማያጣ ሊያረጋግጡለት ያስፈልጋል። ሕመሙን የተናገረ ተጫዋች የሚቀጣበት ቡድን ሕመሙን የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ስፖርተኞች በበኩላቸው ከ2 ሳምንታት በላይ የቆየ ወይም በተደጋጋሚ የሚመለስ የብሽሽት ሕመምን በማስታገሻ ከመሸፈን ተቆጥበው በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊሄዱ ይገባል። ከላይ የተገለጹት አደገኛ ምልክቶች ካሉ ደግሞ ሁለት ሳምንትም መጠበቅ የለበትም። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት እንቅስቃሴዎች አጠቃላይ ግንዛቤ ለመስጠት የቀረቡ በመሆናቸው የባለሙያ ምርመራን አይተኩም። ምርመራው በወቅቱ ተደርጎ ሕክምናው እስከ መጨረሻው ከተፈጸመ፣ በብሽሽት ሕመም ምክንያት ስፖርቱን ለመተው የተቃረበ ወጣት ያለ ቀዶ ሕክምና ወደ ሜዳ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው።